ያሁኑ ስንተኛው ነው?

አያቴ ሬዲዮ ሲሰማ ማውራት ክልክል ነው። ይህ ሕግ የወጣው እኔ ሳልወለድ ነው፤ እስካሁንም አልተሻረም። ለዓይኑ ሕክምና ባሕር ዳር መጥቶ እኔ በተከራየኋት አንድ ክፍል ቤት በሰነበተ ጊዜ እንኳን ሬዲዮኑን በፌስታል ጠቅልሎ ከፍኖተ ሰላም ይዞት መጥቷል። አንድ ማታ ዜና አንባቢው የክልሉን ርዕሰ መስተዳድር ስም ጠርቶ ወደ ስፖርት ሲያልፍ አያቴ ድምፁን ቀነሰና፣

«ያሁኑ ስንተኛው ነው?» አለኝ።

እኔ እንግዲህ በጋዜጠኝነት የተመረቅሁ ሰው ነኝ። አፌን ከፈትሁ፣ መልሼ ዘጋሁት። ስልኬን ላነሳ ስል «ተይው፣ በጣት እንቆጥራለን» አለ። ቆጠርን። አዲሱ ለገሰ፣ ዮሴፍ ረታ፣ አያሌው ጎበዜ፣ ገዱ አንዳርጋቸው፣ አምባቸው መኮንን፣ ተመስገን ጥሩነህ፣ አገኘሁ ተሻገር፣ ይልቃል ከፋለ፣ አረጋ ከበደ። ዘጠኝ። (በመካከል በተጠባባቂነት የቆዩትን አልቆጠርንም፤ አያቴ «እነሱ እንግዳ ናቸው» አለ።)

ከዚያ ያላሰብሁትን ነገር አሳየኝ። የግራ እጁን አራት ጣቶች ዘረጋና «እኒህ አራቱ ከደርግ መውደቅ እስከ ገዱ መውረድ» አለ። ቀጥሎ አውራ ጣቱንና የቀኝ እጁን አራት ጣቶች አነሣ፤ «እኒህ አምስቱስ?» ሒሳቡን እኔ ሠራሁት። የመጀመሪያዎቹ አራት ሰዎች ክልሉን የመሩት ወደ 27 ዓመት ገደማ ነው። ቀጣዮቹ አምስት ሰዎች ግን ከየካቲት 2011 እስከ ነሐሴ 2015 ባለው ጊዜ፣ ማለትም አምስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ የወጡ ናቸው። አንዱ በወንበሩ ላይ ሳለ ተገደለ፤ ዶክተር አምባቸው፣ ሰኔ 15 ቀን 2011።

አያቴ ጣቶቹን አጥፎ የጠየቀኝ ሁለተኛ ጥያቄ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። «ሲወጡም ሲወርዱም እኛ የሰማነው በሬዲዮ ነው። ማን ነው የሚመርጣቸው?»

ትምህርት ቤት የተማርነው መልስ አለ። ሕዝብ የክልሉን ምክር ቤት ይመርጣል፣ ምክር ቤቱ ርዕሰ መስተዳድሩን ይመርጣል። ይኸው ነው። ግን እናንተም ታውቃላችሁ፣ አያቴም ያውቃል፤ ምክር ቤቱ እጁን የሚያወጣው ፓርቲው ከወሰነ በኋላ ነው። ስለዚህ እውነተኛው ጥያቄ አንድ ቤት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ፓርቲውስ መሪዎቹን እንዴት ይመርጣል? ሰላሳ ዓመት ሙሉ የምዕራብ ጎጃም ሰው «ማን ይምራን» የሚለው ጥያቄ የተመለሰለት እሱ በማይገባበት አዳራሽ ውስጥ ነው። አዳራሹ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ባለቤቱም አሠራሩም ተለዋውጧል።

የመጀመሪያው አዳራሽ በረሃ ነበር። ኢሕዴን ከኢሕአፓ በተለዩ ታጋዮች ኅዳር 11 ቀን 1973 ሲመሠረት መሪ የሚሆነው ሰው በጥቆማና በድጋፍ የሚገኝ አልነበረም። ማን ከማን ጋር ቀረ፣ ማን ጠመንጃ ይዞ ተመለሰ፣ ማን ከሕወሓት ጋር መሥራት ቻለ የሚሉት ናቸው የለዩት። ይህንን አልወቅስም፤ ጫካ ውስጥ ኮሮጆ አይዞርም። ችግሩ ጫካው ከተማ ሲገባም የምርጫው ደንብ ጫካ መቅረቱ ነው። ታምራት ላይኔ የሽግግር መንግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ፣ ከዚያም ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑ ሰው ናቸው። በ1989 ከሥልጣን ሲነሡ በፓርላማ ፊት ጥፋታቸውን አምነው ተናገሩ፤ በ1992 አሥራ ስምንት ዓመት ተፈረደባቸው፤ በ2001 ተፈቱ። እሳቸውን ወደ ላይ ያወጣቸውን የማያውቅ ሕዝብ ለምን እንደወረዱም በወጉ አላወቀም። ደጋፊ ነኝ ብሎ የወጣ የለም፣ ተቃዋሚ ነኝ ብሎ የተከራከረም የለም። ሰማን፣ አለፈ።

በዚያው በ1989 ደግሞ ፓርቲው፣ በስሙ ያኔ ብአዴን፣ ወደ ጎጃም ገጠር እስከ ጓሮ ድረስ ገባ። የመሬት ድልድሉ ማለቴ ነው። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበርና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩ ገበሬዎች «ቢሮክራት» የሚል ስም ተሰጣቸውና መሬታቸው ወደ አራት ጥማድ ገደማ እንዲወርድ ተደረገ። እስቲ አስቡት፤ በባዶ እግሩ የሚያርስ ሰው «ቢሮክራት»! የተቆጡ ገበሬዎች አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ ሄደዋል። ፓርቲውን ለመከላከል ሲባል ድልድሉ መሬት አልባ ወጣቶችንና ሴቶችን ባለመሬት አድርጓል ይባላል፤ ይህም እውነት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። በዚያ ድልድል የተቀጡት ክፉም ይሁኑ ደግ በመንደራቸው የታወቁ፣ ብዙዎቹም በጎረቤቶቻቸው ፊት የተመረጡ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በኛ ገጠር አንድ ትምህርት ቀረ፤ መመረጥ ኋላ የሚያስጠይቅ ነገር ነው የሚል። ብልህ ሰው ሲጠቆም «እኔ አልችልም፣ አሞኛል» ይላል። የሚቀረው ማን ይመስላችኋል?

ቀጣዩ አዳራሽ ስሙ ያማረ ነበር፤ መተካካት። በ2002 እና 2003 አካባቢ ኢሕአዴግ አንጋፋ ታጋዮች ወጥተው ወጣቶች ይገባሉ ሲል ጋዜጦች ሁሉ ቃሉን ተቀባበሉት። በብአዴን ውስጥ እነ አዲሱ ለገሰና ተፈራ ዋልዋ ከአመራሩ ወጡ፣ ደመቀ መኮንን በሊቀመንበርነት መጡ። ለዚህ ዕርምጃ ክብር አልነፍገውም። በአገራችን ሥልጣን ላይ ያለ ሰው በእግሩ ሄዶ ቤቱ ሲገባ ማየት የተለመደ አይደለም። ግን «መተካካት» የሚለውን ቃል ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ተኪው ማን ነው? ተተኪውን የሚመርጠው ተሰናባቹ ነው። አባት ለልጁ መሬት ሲያወርስ ደስ ይላል፤ ሊቀመንበርነት ግን የአባት መሬት አይደለም።

ለነገሩ ጉባኤ ነበር። ድምፅ ይሰጥ ነበር። ማዕከላዊ ኮሚቴው ይመረጣል፣ ኮሚቴው ሥራ አስፈጻሚውንና ሊቀመንበሩን ይመርጣል። ያልነበረው ውድድር ነው። ሁለት ሰው ቆሞ «እኔ ይህን አደርጋለሁ፣ እሱ ያንን አላደረገም» የሚባባልበት መድረክ አልነበረም። ይልቁንም ከምርጫው በፊት ግምገማ ይመጣል፤ ሂስና ግለ ሂስ። በግምገማው የተረፈ ይመረጣል። አገላለጼ ሻካራ ከሆነ ይቅርታ፣ ግን ይህ መሪ የመምረጫ መንገድ ሳይሆን መሪ የመጣያ መንገድ ነው፤ የማይጣለው ሰው እዚያው ይቀራል።

ነገሩን በትንሹ ራሴም አይቼዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ (የትኛው እንደሆነ ይቅር) የተማሪዎች ኅብረት ምርጫ ነበረ። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርሁ። ለሰባት ቦታ ሰባት ሰው ተጠቆመ። ስምንተኛ ለመጠቆም አንድ ልጅ እጁን ሲያወጣ ሰብሳቢው «ጥቆማው ይዘጋልን የሚል ሐሳብ ቀርቧል» አለ። ማን እንዳቀረበው አላየሁም። የጻፍሁት ግን «በሙሉ ድምፅ ተመረጡ» ብዬ ነው። ውሸት አልጻፍሁም፤ ሁላችንም እጃችንን አውጥተን ነበር፣ እኔም በግራ እጄ እየጻፍሁ።

ሦስተኛው አዳራሽ የሚገርም በር ከፍቶ ነበር። መጋቢት 18 ቀን 2010 የኢሕአዴግ ምክር ቤት ሊቀመንበር ሲመርጥ እኔ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ፤ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሻይ ቤቱ ሁሉ ቴሌቪዥን ከፍቶ ነበር። ምክር ቤቱ 180 መቀመጫ ነበረው፣ ለአራቱ ድርጅቶች ለእያንዳንዳቸው 45። ደመቀ መኮንን ራሳቸውን ከውድድሩ አገለሉ፤ ዐቢይ አሕመድ በ108 ድምፅ አሸነፉ፤ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ ደብረ ጽዮን ገብረ ሚካኤል 2። ቁጥሮቹን እስካሁን በቃሌ የማስታውሳቸው በዚያን ጊዜ ስለገረሙኝ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የገዢው ፓርቲ የመሪ ምርጫ ቁጥር ነበረው! የተሸነፈ ሰው ነበረው! ሻይ ቤቱ ውስጥ ሰው እንደ ኳስ ውጤት ሲያወራ ነበር።

ግን አያቴ ያኔም አንድ ነገር ብሎ ነበር። «መቶ ሰማንያ ሰው? የኛ እድር ይበልጣል።»

ከዚያ ወዲህ ያለው ሩጫ ነው። ነሐሴ 2010 በረከት ስምዖንና ታደሰ ካሳ ከማዕከላዊ ኮሚቴ ታገዱ። መስከረም 2011 ብአዴን ባሕር ዳር ላይ ባደረገው ጉባኤ ስሙን ወደ አዴፓ ቀየረ። ኅዳር 2012 አዴፓ ራሱ ብልጽግና ውስጥ ገብቶ ቀለጠ። አንድ ዓመት ከጥቂት ወር የኖረ ስም! ደመቀ መኮንን እስከ ጥር 2016 በምክትልነት ቆይተው ቦታውን ለተመስገን ጥሩነህ ለቀቁ። ይህን ሁሉ ዓመት በፓርቲው አናት ላይ የነበሩ ሰው ሲሸኙ ጎጃም ውስጥ «ለምን?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልገጠመኝም። አለመጠየቁ ንቀት አይደለም። ያልሰጠኸውን ነገር ሲወስዱት ለምን ብለህ አትጮህም።

እዚህ ላይ አንዳንድ የብልጽግና ደጋፊ ወዳጆቼ ይቆጡኛል። የአሁኑ ፓርቲ ጉባኤ አድርጓል፣ መጋቢት 2014 ፕሬዚዳንቱንና ሁለት ምክትሎቹን መርጧል፣ ጥር 2017 ደግሞ በሁለተኛው ጉባኤ ደግሟል ይሉኛል። እውነት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት ፓርቲዎች መሪዎቻቸውን በአባላት ወይም በተወካዮቻቸው ድምፅ መምረጥ አለባቸው፤ ምርጫ ቦርድም ይከታተላል። ሕጉ ከበፊቱ ይሻላል። እኔ የምጠይቀው ከጉባኤው በፊት ባሉት ሳምንታት ምን ይደረጋል የሚለውን ነው። ቡሬ ላይ ያለ አባል ሁለት ዕጩዎች መጥተው ሲከራከሩ ሰምቶ ያውቃል? አንዱ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ምን አለ፣ ሌላው ስለ ቡሬው አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ምን አሰበ ብሎ አመዛዝኖ ተወካይ ልኮ ያውቃል?

ተቃዋሚዎቹንም አልተዋቸውም፤ ምክንያቱም እነሱ ዘንድ ያለው በሽታ የዚሁ ወንድም ነው። እነሱ ዘንድ መሪ አይቀየርም፣ ፓርቲ ነው የሚቀየረው። ሊቀመንበሩን ማሸነፍ ያልቻለ ወጥቶ ሌላ ፓርቲ ያቋቁማል፤ ያልወጣውን ደግሞ ቦርድ ይለየዋል። አንድነት ፓርቲ ብርቱካን ሚደቅሳን መርጦ፣ እሷን ወኅኒ ቤት ነጥቆት፣ በመጨረሻ በ2007 ለሁለት ተከፍሎ ቦርዱ ለአንዱ ወገን ሲሰጠው ያየን ሰዎች ነን። አብን ባሕር ዳር ላይ ሰኔ 2010 ሲመሠረት በኛ ዕድሜ ያለ ወጣት ሁሉ ጆሮውን አቅንቶ ነበር፤ ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሊቀመንበሩ ከደሳለኝ ጫኔ ወደ በለጠ ሞላ ተላለፈ፣ በ2014 ደግሞ ሊቀመንበሩ ሚኒስትር ሆነ። ከሁሉ የተሻለውን ያየሁት ኢዜማ ዘንድ ነው ብል አትዘኑብኝ፤ ሰኔ 2014 ብርሃኑ ነጋና አንዱዓለም አራጌ ለመሪነት በግልጽ ተወዳድረዋል። ብርሃኑ አሸነፉ። ፓርቲውን ውደዱትም ጥሉትም፣ ሁለት ስም የተጻፈበት የድምፅ ወረቀት በአገራችን ብርቅ ነው።

ውጭውን ዓለም ብናይ ደግሞ ነገሩ እንደሚለወጥ እንማራለን። የእንግሊዝ ወግ አጥባቂዎች እስከ እ.ኤ.አ. 1963 ድረስ መሪያቸው በድምፅ አይመረጥም ነበር፤ ጥቂት ትልልቅ ሰዎች በሹክሹክታ ይመክሩና መሪው «ብቅ ይላል»። የኛን አዳራሽ አይመስልም? በ1965 የፓርላማ አባሎቻቸው ድምፅ መስጠት ጀመሩ፤ ከ1998 ወዲህ የመጨረሻው ቃል የተራ አባላት ሆነ። መድኃኒት ነው እያልሁ አይደለም። በ2022 ሊዝ ትረስን ከ81 ሺህ በላይ አባላት መርጠዋት ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ወረደች። ደቡብ አፍሪካ ይበልጥ ይቀርበናል፤ ኤኤንሲም እንደ ኢሕአዴግ ከትግል የመጣ ነው። በታኅሣሥ 2007 እ.ኤ.አ. ፖሎክዋኔ ላይ ጃኮብ ዙማ 2329 ለ1505 በሆነ ድምፅ ሥልጣን ላይ ያሉትን ታቦ ምቤኪን አሸነፉ። ዙማ ኋላ ምን እንዳደረጉ እናውቃለን፤ መጥፎ መሪ መርጠው ነበር። ነገር ግን ተወካዮቹ የመጡት ከየቅርንጫፉ ተልከው ነው፣ ፕሬዚዳንት ነህ ብለው አልፈሩም፣ ሲሳሳቱም የተሳሳቱት ራሳቸው ናቸው። የራስህ ስህተት ሲሆን ማረም ትችላለህ። የሌላ ሰው ስህተት ሲሆን የምትችለው መሸከም ወይም መሸፈት ነው።

ይህን ቃል ሳላስበው አልጻፍሁትም።

ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የሆነውን ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን ስሟ «የሰላም መንገድ» በሆነችው ከተማዬ መሐል በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰው መሞቱን የሆስፒታል ኃላፊ ለዜና ወኪሎች ተናገሩ። ጦርነቱ የመጣው ሊቀመንበር በተመረጠበት መንገድ ነው የሚል ቀላል ነገር አልልም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ደሙም የብዙ ወገን ነው። አንድ ነገር ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ነገሩ ሲጋጋል በመንግሥትና በገበሬው መካከል ቆሞ «ስሙኝ፣ እኔን ታውቁኛላችሁ» የሚል ሰው ጠፋ። ወንበር ላይ የነበሩት ሰዎች ክፉ ስለነበሩ አይደለም፤ አንዳንዶቹ ጎረቤቶቻችን፣ አስተማሪዎቻችን ነበሩ። ግን ሰው ሲያያቸው የሚያየው የላካቸውን እንጂ እነሱን አልነበረም።

«የፓርቲ ዲሲፕሊን» የሚል መከራከሪያ አለ። መሪዎች በአደባባይ ቢፎካከሩ ድርጅቱ ይከፈላል፣ ጠላት ይገባል፣ በዚህች አገር ደግሞ መከፋፈል ብሔር ይይዛል። ይህን ሥጋት አልንቀውም። ግን እስቲ በተቃራኒው አስቡት፤ አንድም ግልጽ ፉክክር ሳይደረግ በአምስት ዓመት አምስት ርዕሰ መስተዳድር ያየ ክልል አንድነቱ የት አለ? የተደበቀ ፉክክር ፉክክር መሆኑ አይቀርም። ልዩነቱ ተመልካች የለውም።

አያቴ ቀፎ አለው። ኢሕአዴግ ንብን ምልክቱ ሲያደርግ፣ ኋላም ራሱን «አውራ ፓርቲ» ሲል፣ አያቴ ይስቅ ነበር። ንብ የሚያውቅ ሰው የሚስቅበት ምክንያት አለው። አውራዋን የምታሳድጋት ሠራተኛዋ ናት። ከተራ ዕጭ መርጣ፣ ለይታ ትቀልባታለች፤ ስታረጅ ደግሞ ሌላ ታሳድጋለች። «ቀፎው ውስጥ ከላይ የሚወርድ አውራ የለም» ይለኝ ነበር ልጅ ሳለሁ፤ እኔ ያኔ ስለ ማር ብቻ ነበር የሚያወራኝ የመሰለኝ።

አሁን የእድሩን ነገር ልንገራችሁና ላብቃ፤ ምክንያቱም አያቴ ፖለቲካ ሲነሣ ድምፁ የሚለሰልሰው ለምን እንደሆነ የገባኝ በዚያ ነው። አያቴ የመንደራቸው እድር ዳኛ ሆኖ ዓመታት ቆይቷል። አንድ ዓመት ድንኳኑን ለአንድ ዘመዱ ሠርግ ያለ ክፍያ አዋሰ። ተቀደደ። በዓመቱ ስብሰባ አንዲት ባልቴት ተነሥታ «ድንኳኑ የሬሳችን ነው፣ የሠርግህ አይደለም» አለችው። በፊቱ። ድምፅ ተሰጠ፣ ወረደ። ሁለት ወር ሙሉ ቅዳሴ ሲሄድ በሌላ መንገድ ይዞር ነበር ትላለች እናቴ። ከዚያ የባልቴቷ ልጅ ሞተ። ድንኳኑን ተሸክሞ ቀድሞ የደረሰው አያቴ ነበር፤ አዲሱ ዳኛ ካስማ ሲመታ እሱ ገመድ ይዞለት።

«ተናደህ ነበር?» አልሁት ያን ማታ።

«እንዴታ!» አለ። «ግን እኔን ያወረዱኝ ያወጡኝ ሰዎች ናቸው። ምን እላለሁ?»

የዓይኑ ሕክምና አለቀ። መነኸሪያ ስሸኘው የሬዲዮኑ ድንጋይ እየደከመ መሆኑን ነግሮኝ አራት ፍሬ ገዛሁለት። ሁለቱን አስገባ፣ ሁለቱን ኪሱ ከተተ። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል በመስኮቱ አንድ ጣቱን አሳየኝ፤ ያን ማታ ስንቆጥር ስም ያላገኘችውን ትንሿን ጣት።

«ይችን ደግሞ ሰምቼ እደውልልሻለሁ» አለኝ።